የቤልሚሮ የውሸት ዘንግ

ባሌ ቤልሚሮ ዓሣ የሚያጠምድበትን ቦታ ለማንም አይናገርም። ለእኔማ ጭራሽ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ከአሁኑ ልናገረው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠዋት የልጅ ቁመት የሚያህል ዓሣ ተሸክሞ መጣ። ያ ጎኑ ላይ ሰባት ስምንት ጥቁር መስመር ያለው፣ ኅዳር ላይ ብርዱ ሲገባ በባሕር ዳርቻችን በኩል አድርጎ ወደ ደቡብ የሚሰደደው፣ የሰፈራችን ወንዶች ሚስታቸውን ረስተው የሚያልሙት ዓሣ። «ከየት ነው?» አልኩት። ደስ ብሎት ስለነበር ነገረኝ። እኔ ደግሞ ለኦርቴንሲያ ብቻ ነገርኳት። ኦርቴንሲያ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ናት፤ በእናቷ መቃብር አስምያታለሁ። በማግስቱ እዚያ ቦታ አሥራ ሰባት መኪና ቆሞ ነበር።

ቤልሚሮ አልጮኸም። የጎመን ሾርባውን ዝም ብሎ በላ፣ ከዚያ ሳህኑን አጠበ። አርባ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ሳህን ያጠበው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያኔ ነው የፈራሁት። እጁን ጠራረገና፦

«ዲኦሊንዳ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዋሽሻለሁ» አለኝ።

ቃሉንም ጠበቀ። «ወደ ሰሜን ነኝ» ካለ ሰሜን አለመሆኑ እርግጥ ነው። ፒክአፑን ሰው ሁሉ በሚያየው በከተማው የባሕር ዳርቻ ያቆምና በጨለማ በእግሩ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ዱካውን በጥድ ቅርንጫፍ እየጠረገ ነው አሉ። ሲመለስም ዓሣ ይዞ እንደሆነ ፊቱ አይናገርም፤ የቀበረም የዳረም አይመስል። ሌሎቹም ያው ናቸው፣ በዚህ ዳርቻ እውነት የሚናገር አጥማጅ የለም። ግን የኔው ባሰ።

እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም። ካልሲውን የማጥበው እኔ ነኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ካልሲውን ስገለብጠው የወይን ጠጅ ቀለም ያለው አሸዋ ወረደ። የኛ ዳርቻ አሸዋ ሁሉ ነጭ ነው። ቀይ አሸዋ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከተዘጋው የመነኮሳት ቤት በታች፣ ገደሉ ስር። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር እዚያ ከድንጋዩ ላይ ጥቁር ዛጎል እንለቅም ነበር። ባሕሩ ሲጎድል እስከ ትልቁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ድረስ በእግር ይኬዳል፤ ሲሞላ ግን ድንጋዩ ደሴት ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ ይሰወራል።

ስለዚህ አወቅኩ። አወቅኩና ዝም አልኩ። ለኦርቴንሲያ እንኳ! ሆዴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። አንዳንዴ ቡና ስንጠጣ አፌ ድረስ ይመጣና ኬክ እጎርስበታለሁ። አሥር ኪሎ የጨመርኩት በዚያ ነው።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በኅዳሩ የምስጋና በዓል ዋዜማ ነው፤ የዓሣው ወቅት ሊያልቅ ሦስት አራት ቀን ቢቀረው ነው። ቤልሚሮ ከእሑድ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ለምን? ዌንዴል ትልቅ ይዞ ነዋ። ዌንዴል ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ረጅም፣ አፍንጫው ሁልጊዜ ቀይ። ዛሬ ዛሬ ትልቁን ዓሣ ፎቶ አንስቶ መልቀቅ ነው ሕጉ፤ ዌንዴል ፎቶውን ይዞ ዶናት ቤት ገብቶ ለአስተናጋጇ፣ ለፖስተኛው፣ ለቄሱ አሳየ። ለባሌ ሁለት ጊዜ አሳየው። «ቤልሚሮ፣ መነጽር ይዘሃል? ጭራው ከፎቶው ወጥቷል እኮ!» ብሎታል።

ገና ሳይነጋ ሲወጣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

«ወደ ሰሜን ነኝ» አለ።

«እሺ ውሸታሙ» አልኩ።

«ሦስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ድንቹን እኔ እልጥልሻለሁ፣ አትንኪው።»

ስነሳ ውጭው ጉም ነው። የኦርቴንሲያ ቤት እንኳ አይታይም። ልብስ ላሰጣ ብወጣ ሰማያዊው የልብስ ማስጫ ገመዴ ተቆርጧል፤ ግማሹ የለም። የኦርቴንሲያን ውሻ ሰደብኩት። ከዚያ ኦርቴንሲያን ሰደብኳት። ጉሙ ውስጥ ሆና «ሰምቼሻለሁ!» አለችኝ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ድንቹ እንደተቀመጠ ነው።

ሦስት ተኩል ሆነ። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ የዳቦው መሳቢያ ውስጥ ጮኸ። ለካ ትቶት ሄዷል። ዶናት ቤት አንዱ «ስልክ የሄድክበትን ያሳብቃል» ብሎት ነበር። ስልኩን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ በሩ ኋላ ሚስማሩ ላይ አረፈ።

ቀበቶው ተሰቅሏል።

ይህን ቀበቶ ልንገራችሁ። አጥማጆቹ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው ነው ማዕበሉ ውስጥ የሚቆሙት። ቀበቶውን ከላይ ጥብቅ አድርገው ያስራሉ። ካላሰሩት፣ ሰው የወደቀ እንደሆነ ውሃ ከላይ ይገባና ሱሪው እንደ ጆንያ ይሞላል። ዋና ማወቅ አይጠቅምም። የኦርቴንሲያ ታናሽ ወንድም እንደዚያ ነው የሄደው፣ ከዳር ሃያ እርምጃ ላይ፣ እያዩት። የቤልሚሮ ቀበቶ ዘለበቱ ተነቅሎ ነበር። «ልስፋልህ» ብዬ የተቀበልኩት ባለፈው ሐሙስ ነው። አልሰፋሁትም። ሐሙስ የኦርቴንሲያ እህት ልጅ ባሏን ያስወጣችበት ቀን ነበር፣ ወሬው ብዙ ነበር።

ቀበቶውን ከሚስማሩ አነሳሁት።

አሁን ሞኝነቴን ስሙ። የት እንዳለ አውቃለሁ። ስልክ አንስቼ እሳት አደጋ መጥራት ነው። ግን ደግሞ፣ ዓሣ ይዞ ቢሆንስ የዘገየው? ሰው ሁሉ ሳይረን እያስጮኸ ወደ ቀዩ አሸዋ ቢሄድና እሱ ደህና ሆኖ ቢያገኙትስ? በወቅቱ የመጨረሻ ሳምንት፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በኔ አፍ? ያኔ ሳህን አይደለም የሚያጥበው፣ ሻንጣ ነው የሚያዘጋጀው። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የባሕር ሰዓት አነበብኩ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ባሕሩ ይሞላል። አንድ ድንች ላጥኩ። ሌላ ላጥኩ። ለምን እንደምልጥ አላውቅም፣ «አትንኪው» ብሎኝ ነበር።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ኦርቴንሲያ ሳታንኳኳ ገባች። ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባለች። ወሬ ይዛ ስትመጣ ፊቷ ይበራል፤ ያን ቀን አልበራም።

«ዲኦሊንዳ» አለች፣ የካፖርቷን ጫፍ ጨብጣ።

«ተናገሪ!»

«ፒክአፑ ከተማው ዳርቻ ቆሟል። የማጥመጃ ዘንጉ አሸዋው ላይ ተተክሏል፣ ክሩ ባሕር ውስጥ ገብቷል። እሱ... እሱ የለም። እሳት አደጋ ተጠርቷል።»

ወንድሟን ያሰበች መሰለኝ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

መኪናዋን በሌሊት ልብስ ነዳችው። ጉሙ ውስጥ መንገዱ አይታይም። እኔ «ዘንግ? የምን ዘንግ?» እላለሁ በሆዴ። እሱ ከተማው ዳርቻ አያጠምድም። ግን ዛሬ ዌንዴልን ለማናደድ ብሎ እዚያው ቢሆንስ? ቀይ አሸዋውን መጨረሻ ያየሁት ባለፈው ሳምንት ካልሲ ላይ ነው። የማውቀው ነገር ሁሉ ከእጄ ወጣ።

ዳርቻው ላይ አሥራ አምስት ሰው ያህል ቆሟል፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ውሃው አዙሯል። ስደርስ ሁለት ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አወለቁልኝ። ሰው ለምን ኮፍያ ያወልቃል? ገና ሞተ ሳይባል!

«ኮፍያችሁን አድርጉ!» አልኩ። «አድርጉ፣ ብርድ ይመታችኋል!»

ሮክሳን መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋችን አለቃ ናት፤ ሕፃን ሆና ዳይፐሯን የቀየርኩላት ልጅ።

«እማማ ዲኦሊንዳ፣ መኪና ውስጥ ይቀመጡ፤ ይሞቅዎታል።»

«አልቀመጥም። ምን እያያችሁ ነው?»

«ጉሙ እስኪገለጥ በጀልባ በዳር በኩል እያፈላለግን ነው። ከዘንጉ ፊት ለፊት ነው... የሚሆነው።»

«የሚሆነው ምን?»

ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች።

«ዘንጉን አሳዪኝ» አልኳት።

አሸዋው ላይ ቀጥ ብሎ ተተክሏል። ጫፉ በማዕበሉ ወደፊት ወደኋላ ይላል፣ የሆነ ነገር ከስር የሚጎትተው ይመስላል። አንዲት ሴት አለቀሰች። እኔ ቀረብ ብዬ አየሁት። እጀታው ላይ ጥቁር ፕላስተር አለ። ፕላስተሩን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ! ይህ ዘንግ ክር መጠቅለያው ተሰብሮ ከጓዳ ጀርባ ከተጣለ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ዘንግ ድመት እንኳ አይጠመድም።

ክሩን በእጄ ሳብኩት።

«እማማ፣ አይንኩት፣ ምናልባት...» አለች ሮክሳን።

«ምናልባት ባሌ ጫፉ ላይ አለ ትያለሽ?»

ሳብኩ። ክሩ ጣቴን ቆረጠኝ። እየሳብኩ እጸልያለሁ፣ ለማርያም ስንት ነገር እንደተሳልኩላት እሷ ታውቃለች። ጫፉ ወጣ። መንጠቆ የለውም። ዓሣ የለውም። ክሩን እንዲያሰጥም ከጫፉ ላይ የታሰረው የምድር ቤቴ ቁልፍ ነው፤ አምና ጠፍቶብኝ በር ያሰበርኩበት ቁልፍ!

ያን ቁልፍ ይዤ ሳቅኩ። ሰዎቹ ያበድኩ መሰላቸው። ሳቄ አላለቀም፣ መሃል ላይ ቆመ፤ ምክንያቱም ገባኝ። ያ ውሸታም ሽማግሌ ሰው እንዲያይለት የውሸት ዘንግ ተክሎ ሄዷል። ይህን ሁሉ ሰው ራሱ ነው እዚህ ያቆመው። እዚያ ማንም የለም። ሰዓቱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ባሕሩ እየሞላ ነው።

«እዚህ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ከመነኮሳቱ ቤት በታች ነው! ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሥራ አምስቱም አጥማጆች ናቸው። ማርያምን፣ በዚያች ሰከንድ፣ በዚያ ጭንቅ መሃል፣ ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ።

«ቀዩ አሸዋ?» አለ ዌንዴል ከኋላ። አፍንጫው እንኳ ነጥቷል።

ሮክሳን ራዲዮዋ ላይ መጮህ ጀመረች። በመንገድ በድልድዩ ዞሮ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ጀልባው በዚያ ጉም ድንጋዮቹ መሃል አይገባም። የዌንዴል መኪና ግን አሸዋ ላይ ይሄዳል፤ ጎማው ሰፊ፣ ከኋላው ገመድ ያለው።

«ግቢ» አለኝ በሩን ከፍቶ። ሮክሳን የሆነ ነገር ስትል ሰማሁ፣ እኛ ግን ሄደናል።

ውሃው ጎማው ስር ይገባል። ዌንዴል ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይነዳል።

«ዘጠኝ ዓመት ተከትዬዋለሁ» አለ። «ዘጠኝ ዓመት፣ ዲኦሊንዳ።»

«እና?»

«አንዴ እሾህ ጫካ ውስጥ አስገብቶኝ ጠፋ። ሱሪዬን ትቼ ነው የወጣሁት።»

ለካ ሱሪው ያኔ ነው የጠፋው። በሰፈር ሌላ ነገር ነበር የሚወራው። ያወራሁትም እኔ ነኝ። ልስቅ አፌን ስከፍት ልቅሶ ወጣ።

«ቀበቶውን አላሰረም» አልኩት። «እኔ ጋ ነው። አልሰፋሁለትም።»

ነዳጁን ረገጠ።

«መልስልኝ እንጂ አንተ!»

«ምን ልበልሽ፣ ዲኦሊንዳ።»

ዕድሜ ልኩን አፉ የማይዘጋ ሰውዬ ያን ጊዜ ዝም አለ። ከጉሙም ከባሕሩም በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቀዩ አሸዋ ጋ ስንደርስ የሚታይ ነገር የለም። ነጭ ነው ሁሉም። ማዕበሉ ብቻ ድንጋዩ ላይ ሲፈርጥ ይሰማል። «ቤልሚሮ!» አልኩ። ድምፄ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ዌንዴል በሁለት ጣቱ አፏጨ። ምንም። እንደገና ጠራሁት፤ ውሸታሙ፣ ጌታዬ፣ አንተ ሽማግሌ፣ የማውቀውን ስም ሁሉ። ምንም። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ፤ ወደ ባሕሩ እየሄድኩ መሆኑን እንኳ አላወቅኩም። ዌንዴል በካፖርቴ ጎተተኝ።

«ዝም በይ! ስሚ!»

ኳ። ኳ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ኳ።

ብረት ድንጋይ ሲመታ ነው።

ነፋስ ጉሙን ትንሽ ገለጥ አደረገውና አየሁት። ስልሳ እርምጃ ይሆናል። ጭንቅላቱና ትከሻው ብቻ ነው ከውሃ በላይ ያለው። ማዕበል ሲመጣ እሱም ይጠፋል። ስንት እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ብቅ ይላል። ዘንጉን ከፍ አድርጎ በብረት እጀታው ድንጋዩን ይመታል። ብብቱ ስር ዙሪያውን የሆነ ሰማያዊ ነገር ታስሯል።

የልብስ ማስጫ ገመዴ ነው! ቀበቶ ባጣ ጊዜ ገመዴን ቆርጦ ሱሪውን ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ኦርቴንሲያ ይቅር ትበለኝ፣ ውሻዋም ይቅር ይበለኝ።

«እግሬ!» አለ። «እግሬ ተይዟል!»

ዌንዴል ገመዱን መኪናው ላይ አስሮ ጫፉን ወገቡ ላይ ጠመጠመ። ዕድሜው ስልሳ ስምንት ነው፣ አንድ ጉልበቱ የብረት ነው። «ገመዱን ስነቀንቀው ሳቢ» ብሎኝ ገባ። ውሃው ወገቡ፣ ደረቱ፣ አንገቱ። ባሌ ጋ ደረሰ። የሆነ ነገር ተነጋገሩ፤ አልሰማሁም። ከዚያ ዌንዴል ጠለቀ። ወጣ። ጠለቀ። ወጣ። ማዕበል መጣና ሁለቱንም ሸፈናቸው። ማዕበሉ አለፈ። ቤልሚሮ ብቻ ታየ፣ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ። ዌንዴል የለም። ገመዱ እጄ ውስጥ ላላ። «አንድ፣ ሁለት» ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ዘጠኝ ስል ገመዱ ተንቀሳቀሰ።

ሳብኩ። እኔ፣ ሰባ ዓመቴ፣ የገበያ ዘንቢል የሚከብደኝ ሴትዮ፣ ተረከዜን አሸዋ ውስጥ ቀብሬ ሳብኩ። ሮክሳንና ሌሎቹ በገደሉ እየተንሸራተቱ ወርደው ከኋላዬ ሲይዙት ነው እየጮህኩ እንደነበር የሰማሁት።

ቤልሚሮን አሸዋው ላይ አጋደሙት። አንድ ቡቱ ባሕር ውስጥ ቀርቷል፤ ከንፈሩ እንደ ገመዴ ሰማያዊ ሆኗል። ዓይኑን ገለጠና ዌንዴልን አየው። ከዚያ ሌሎቹን አየ፣ አንድ በአንድ። በመጨረሻ እኔን።

«ማን... ነገራቸው?» አለ፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«እኔ።»

«ላንቺስ ማን ነገረሽ?»

«ካልሲህ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ሞተ ብዬ በጥፊ መታሁት።

«አልሞትኩም» አለ። «እየተናደድኩ ነው።»

አምቡላንሱ ውስጥ እጄን አለቀቀም። ሃያ አምስት ኪሎ የሚሆን ዓሣ ይዞ ነበር አለ፤ ሊለቀው ሲወርድ ነው እግሩ ሁለት ድንጋይ መሃል የገባው። ፎቶ የለም፣ ስልኩ ዳቦ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዶናት ቤት ማን ያምነዋል? ዌንዴል ግን በበዓሉ ማግስት ገብቶ «ስደርስ ዓሣው ገና ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ከኔው ይበልጣል» አለላቸው። አላየም። እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ጉም ነበር። ግን አላሳበቅኩበትም፤ ይኸው ሁለተኛው ምስጢሬ።

ቀዩ አሸዋ አሁን በየጠዋቱ መኪና ነው። ቤልሚሮ በዚህ ዓመት ሌላ ቦታ አገኘ። የት እንደሆነ አልነገረኝም። ሲወጣ ቦታውን ወረቀት ላይ ይጽፍና አጥፎ የስኳር ቆርቆሮው ውስጥ ያስቀምጠዋል። «ሦስት ሰዓት ካለፈ ክፈቺው፤ ከዚያ በፊት እንዳትነኪው» ይለኛል። ቀበቶውን እያሰረ ነው ይህን የሚለው። ሰፍቼዋለሁ፣ በሁለት ድርብ ክር።

የሰው ደብዳቤ በእንፋሎት ከፍቼ ያነበብኩ ሴት ነኝ። ይህን ወረቀት ግን አልከፈትኩም። አንድም ቀን። የምፈራው ውስጡ ያለውን አይደለም፣ የምከፍትበትን ሰዓት ነው። በየጠዋቱ ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮቱ በኩል መንገዱን አያለሁ። ኦርቴንሲያ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ወሬ አታወራም፣ እኔም አላወራም። ሁለታችንም ሰዓቱን እናያለን።

ዛሬ ለሦስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው የፒክአፑን ድምፅ ሰማን። ኦርቴንሲያ አማተበች። እኔ ቆርቆሮውን ቦታው መለስኩና ምንም እንዳልሆነ ሰው ድንች መላጥ ጀመርኩ።

«ምን ያዝክ?» አልኩት ሲገባ።

«ምንም» አለ።

ፊቱን አየሁት። እየዋሸ ነው። ደስ አለኝ።